ሐኪሙ «ሪስክ አላት» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ሴቶች ካንሰር ቀዶ ሕክምና ናቸው። የማህፀን፣ የማህፀን በር፣ የእንቁልጢ (እንቁላል የሚያመርተው ኦቫሪ)። አጠያየቃቸው ይለያይ እንጂ ጭብጣቸው አንድ ነው፦ «ኦፕራሲዮኑ በሰላም ያልቃል ወይ?» በሰላም ያልቃል ብሎ የሚፈርምላችሁ ሐኪም የለም፤ ካለም ሽሹት። ግን ማን ላይ ችግር ሊበዛ እንደሚችል ከወዲሁ መገመት ይቻላል፣ ደግሞ ከሚገመተው ውስጥ ጥቂት የማይባለውን ቀድሞ ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለሚቀጥለው አሳድረን በዚሁ እንቆይ።

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ 66 ዓመቷ ነው። የእንቁልጢ ካንሰር ነው ተብላ ለኦፕራሲዮን ከአምስት ሳምንት በኋላ ተቀጥራለች። ሐኪሙ ስለ ካንሰሩ ይጠይቃታል ብለን ስንጠብቅ ‹እማማ፣ ደረጃ ይወጣሉ? ገበያ ማን ነው የሚሄድልዎ? ልብስዎ አልሰፋዎትም?› ሲላት ቆየ። ከዚያ እኔን ለብቻ ጠርቶ ‹ሪስክ አላት› አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ደግሞ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ እሷ በሞቷም ጾም አትፈታም።» — ልጅ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ «ሪስክ አላት» ማለት በኦፕራሲዮኑ ወይም ከዚያ በኋላ ችግር ሊደርስባት የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ሐኪሙም ወግ ሲጠርቅ አልነበረም። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፍ የሚወጣ ሰው ልቡና ሳንባው የኦፕራሲዮንን ጫና የመቋቋም ዕድሉ ከማይወጣው ይሻላል። ይሄ ያለ ምንም ማሽን የሚሠራ ምርመራ ነው። የገበያውም ጥያቄ እንደዚያው። ሰው ራሱን ችሎ ይለብሳል ወይ፣ ይታጠባል ወይ፣ ከቤት ይወጣል ወይ የሚለው ነገር የሰውነቱን አቅም ከመታወቂያው ዕድሜ በተሻለ ይናገራል። 75 ዓመታቸው ሆኖ ቅዳሴ ቆመው የሚያስቀድሱ እናት አሉ፤ 55 ሞልታ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት የምትደክም አለች። የቀዶ ሐኪም የበለጠ የሚፈራው ሁለተኛዋን ነው።

የልብሱ ጥያቄ ግን የኔም የምወደው ነው። በእንቁልጢ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል። ሚዛን ላይ ሲወጡ ኪሎው አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨምሯል። ቤተሰብም «ተመስገን፣ አልከሳችም» ይላል። ውኃ ነዋ! ስለዚህ ሆዳቸውን ተውና ክንዳቸውን እይ፣ በዓይናቸውና በጆሯቸው መካከል ያለው ቦታ ጎድጉዷል ወይ፣ አምባራቸው ወደ ክርናቸው መንሸራተት ጀምሯል ወይ፣ የጋብቻ ቀለበታቸው በሳሙና ይወጣ የነበረው አሁን እጃቸውን ሲያራግፉ ይወልቃል ወይ። ሥጋ የቀነሰ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽን ይደፍረዋል።

ላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር ፈልግ። አንዱ አልቡሚን፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ከ3.5 (g/dL) በታች ከሆነ ሐኪሞች ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ በዚህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ላይ ችግርን ቀድመው ከሚጠቁሙ ነገሮች ውስጥ ከፊት የሚሰለፍ ነው። ሁለተኛው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም የደም ማነሱ። ደም አንሷቸው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገቡ ሴቶች ደም የመቀበል ዕድላቸው ይጨምራል፣ ችግርም ይበዛባቸዋል። እዚህ ላይ አምስት ሳምንት ትልቅ ጊዜ ነው። የብረት እንክብል ከታዘዘላቸው በትክክል ይዋጡት። በእኛ ቤት እንደሚደረገው ክኒኑን ውጦ ወዲያው ቡና ላይ መቀመጥ የለም፣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። በብርቱካን ወይም በሎሚ ውኃ ይዋጡት፣ ቡናው ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ አቦልም ቢሆን። እንክብሉ ካልተስማማቸው በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለና ጠይቅ።

አሁን ጾሙ። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው እንዲጾም አታስገድድም፣ ይህንን ደግሞ ከኔ ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው ቢሰሙት ነው የሚገባቸው። ስለዚህ ሂድና ንስሐ አባታቸውን ይዘህ ና፤ ሐኪሙ የጻፈውን ንገራቸው፣ እሳቸው ያናግሯቸው። ከፈቀዱ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ። ዓሣ ደግሞ ጣና ዳር ሆነህ አይጠፋህም። በጭራሽ እንቢ ካሉም ቢያንስ በባዶ ሆድ አይዋሉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚበላውን ወደ አምስትና ስድስት ትንንሽ ገበታ በትነው፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ለውዝ፣ ወፈር ያለ አጥሚት። ቃሪያና ሰላጣ ብቻ ይዞ ሁዳዴን መግፋት ለዚህ ሰው አይሆንም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልለፍ፦ አልቡሚን በምግብ ማነስ ብቻ አይወርድም፣ በሽታው ራሱና የሆድ ውኃው ያወርዱታል፤ ስለዚህ ሳምንት ሙሉ እንቁላል አብልተህ ቁጥሩ ካልተነሣ እናትህንም ራስህንም አትውቀስ። መብላታቸው በራሱ አይከስርም።

የመጨረሻው፦ ሪስኩ በእናትህ አካል ብቻ አይደለም፣ በሚሠራው ሥራ ስፋትም ጭምር ነው። በእንቁልጢ ካንሰር ሐኪሙ የሚታየውን እጢ በሙሉ ለማውጣት ነው የሚሞክረው። ማህፀንና እንቁልጢ ብቻ ከወጣ አንድ ነገር ነው። አንጀት ተቆርጦ ከተቀጠለ፣ ጣፊያ ከወጣ፣ ድያፍራም (ሆድን ከደረት የሚለየው ጡንቻ) ከተፋቀ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካው የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ2007 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይህንኑ በነጥብ የሚደምሩበት ዘዴ አሳትመዋል፤ ነጥቡ ሲቆለል ችግሩም ይጨምራል። ስለዚህ «አንጀት ሊነካ ይችላል ወይ? ከተነካስ ሰገራ በሆድ በኩል የሚወጣበት ከረጢት ሊደረግላቸው ይችላል?» ብለህ ሳታፍር ጠይቅ። ከማደንዘዣ ሲነቁ ከረጢቱን ማየትና ቀድሞ አውቆ መግባት አንድ አይደለም።

«እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የማህፀን ካንሰር ተገኝቶብኝ በሮቦት ሊሠሩኝ ነው። ስኳር አለብኝ፣ ውፍረትም አለኝ። ዶክተሯ ኮምፒውተር ላይ ነካ ነካ አድርጋ ‹ችግር የመድረስ ዕድልሽ 12 በመቶ ነው› አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። 12 ማለት ብዙ ነው?»

እህቴ፣ ምናልባት ያየችው የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ያዘጋጀውን ማስያ ይሆናል። በ2013 የወጣ ነው። ከ393 ሆስፒታሎች ከተሰበሰበ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ኦፕራሲዮን ተነሥቶ ነው የሚገምተው። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ማጨስ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መቻል፣ እነዚህንና ሌሎችን፣ 20 የሚሆኑ ነገሮችን ያስገቡለታል፣ እሱ በመቶኛ ይመልሳል።

12 በመቶ ማለት እንዳንቺ ያሉ 100 ሴቶች ቢሠሩ 12ቱ ላይ አንድ ነገር ይደርሳል፣ 88ቱ ላይ አይደርስም ማለት ነው። አንቺ ከየትኞቹ እንደሆንሽ ማስያው አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም። ደግሞ «አንድ ነገር» የምትለዋን በደንብ ያዢያት። ሽንትሽን አቃጥሎሽ አምስት ቀን መድኃኒት የምትውጪበት ኢንፌክሽንም ችግር ተብሎ ይቆጠራል፣ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባትም ይቆጠራል። ቀዶ ሐኪሞች እነዚህን የሚለዩበት ክላቪን-ዲንዶ የሚባል ደረጃ አላቸው፦ አንደኛው ልዩ ሕክምና የማያስፈልገው፣ ሁለተኛው በመድኃኒት ወይም በደም የሚታለፍ፣ ሦስተኛው እንደገና ኦፕራሲዮን ወይም ሌላ የእጅ ሥራ የሚጠይቅ፣ አራተኛው ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) የሚያስገባ፣ አምስተኛው ሞት። ስለዚህ ዶክተርሽን «ከ12ቱ ውስጥ ሦስተኛና ከዚያ በላይ የሚሆነው ስንቱ ነው?» በያት። ያኔ ቁጥሩ ትርጉም ይኖረዋል።

ማስያው ድክመትም አለው። የሚቀበለው አንድ የኦፕራሲዮን ዓይነት ብቻ ነው። ሐኪም ግን በአንድ ጊዜ ማህፀንም ሌላም ሊያወጣ ይችላል። ለዚህም ነው በሴቶች ካንሰር ላይ ሲፈተሽ ሞትን በመገመት ደህና የሆነው፣ ሌላውን ጠቅላላ ችግር በመገመት ግን ያን ያህል ያልሆነው። ያንቺ ኦፕራሲዮን እንደዚያ የተወሳሰበ አይመስልም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደስተኝ በሮቦት መሆኑ ነው። በ2009 የታተመ፣ ከ2,600 በላይ የማህፀን ካንሰር ያለባቸው ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ሆድ ተከፍቶ የተሠሩትን በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ከተሠሩት ጋር አወዳድሮ ነበር። ከኦፕራሲዮን በኋላ መካከለኛና ከባድ ችግር የደረሰባቸው በመክፈት 21 በመቶ፣ በካሜራ 14 በመቶ ናቸው። ሮቦቱም የዚሁ ዘመድ ነው። ወፍራም ሴት ላይ ረጅም ቁስል አለመኖሩ ብቻውን ስንት መግል ያስቀራል።

በአንቺ እጅ ያለው ስኳሩ ነው። የሦስት ወሩ አማካይ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ ከ8 በላይ ከሆነ ከአሁኑ የስኳር ሐኪምሽ ጋ ደውዪ፤ እስከ ቀጠሮሽ ባይወርድ እንኳ በዕለቱ ያለው ስኳር ሊስተካከል ይገባል። እንደ ኦዜምፒክ ያለ መርፌ የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ። ብዙ ሰው «ለክብደት ነው፣ ምን አገባቸው» ብሎ ይተወዋል። መርፌው ጨጓራን ያዘገያል፣ ጾመሽ አድረሽም ጨጓራሽ ባዶ ላይሆን ይችላል፣ ተኝተሽ ወደ ሳንባሽ ቢመለስ ሌላ ጣጣ ነው።

«ባለቤቴ በእንቁልጢ ካንሰር ታማ መጀመሪያ ሦስት ዙር ኬሞ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ተብላለች። የሰፈር ሰው ‹መጀመሪያ ካልቀደዷት ተስፋ ቆርጠውባት ነው› ይለኛል። እውነት ነው?» — ከሐዋሳ

አይደለም። የሰፈር ሰው እግዜር ይስጠው፣ ግን አይደለም።

በሽታው ሆድ ውስጥ በሰፊው ሲሰራጭ ወይም ታማሚዋ አቅሟ ሲደክም ኬሞውን፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱን፣ ማስቀደም ራሱ ሪስክን መቀነሻ መንገድ ነው። በ2010 የታተመው የአውሮፓ ትልቅ ጥናት በተስፋፋ ደረጃ ላይ ያሉ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አየ። ቀድመው ኦፕራሲዮን ከሆኑት መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 2.5 በመቶ ነበሩ፣ ኬሞ ቀድሞላቸው ከተሠሩት 0.7 በመቶ። በጠቅላላ የኖሩት ዕድሜ ግን አልተለያየም። የእንግሊዞቹም ጥናት በ2015 ወደዚያው አዘነበለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኬሞው እጢውን ያሟሽሸዋል፣ የሆድ ውኃውን ያደርቃል፣ ሰውየዋ መብላት ትጀምራለች፣ ሐኪሙም ብዙ ሳይቆርጥ ይወጣል።

በሐኪሞች መካከል ክርክሩ አላለቀም። ጠንካራ ለሆነች ሴት፣ ልምድ ባለው ማዕከል፣ ኦፕራሲዮኑ ይቅደም የሚሉ አሉ፣ እነሱም ማስረጃ አላቸው። ለባለቤትዎ የተመረጠው ግን የታወቀ መንገድ ነው። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ያለችውን ቀጠሮ ብቻ እንዳያሳልፏት፤ «ድናለች፣ ሆዷ ጎደለ» ብሎ የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

«የማህፀን በር ካንሰር በመጀመሪያ ደረጃ ተገኝቶብኝ ሰፊው ኦፕራሲዮን ተሠራልኝ። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ሽንቴ በራሱ አልመጣ ብሎ እስካሁን በቱቦ ነኝ። ተበላሽቼ ይሆን?»

አልተበላሸሽም። የማህፀን በርን ከዙሪያው ሥጋ ጋር በሰፊው ሲያወጡት ወደ ፊኛ የሚሄዱት ነርቮች እዚያው መንገድ ላይ ናቸውና ይደነግጣሉ። ፊኛው መሙላቱን አይናገርም ወይም ለመጭመቅ ይሰንፋል። በብዙዎች ላይ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል፤ በጥቂቶች ላይ ይቆያል። ይህ ከሁሉም ቀድሞ ሊገመት የሚችል ችግር ነው፣ ሳይነግሩሽ ከገባሽ ቅሬታሽ ተገቢ ነው።

ደስ የሚለው፣ በ2024 የታተመ ጥናት ትንሽ እጢና ዝቅተኛ ሪስክ ላላቸው ሴቶች ቀለል ያለው ኦፕራሲዮን ካንሰሩን በመያዝ ከሰፊው የማያንስ መሆኑን፣ የሽንት ችግሩም የሚቀንስ መሆኑን አሳይቷል። ለሁሉም አይሆንም። ወደፊት ግን እንዳንቺ በቱቦ የሚሰነብቱት ይቀንሳሉ ብዬ አስባለሁ።

ቱቦው ወጥቶ በሽንት መንገድ ሳይሆን በብልትሽ ውኃ የመሰለ ነገር ያለማቋረጥ ከፈሰሰሽ ግን ያ ሌላ ነው፤ በዕለቱ ሂጂ።

«ለማህፀን በር ካንሰርም በካሜራ ወይም በሮቦት ይሻላል?»

ላይ ላዩን ሲያዩት «አዎ» ያሰኛል፣ መልሱ ግን አይሻልም ነው። በ2018 የወጣው ጥናት በካሜራ የተሠሩት ላይ ካንሰሩ በብዛት ተመልሶ መምጣቱን አሳየ፦ በ4.5 ዓመት ከበሽታው ነፃ የነበሩት በካሜራ 86 በመቶ፣ ሆድ ተከፍቶ 96.5 በመቶ። ብዙ ማዕከላት ከዚያ ወዲህ ወደ መክፈት ተመልሰዋል። ቁስሉ ትንሽ የሆነው ሁሉ የተሻለ አይደለም።

«እህቴን አስታምሜ ከሆስፒታል ልናወጣት ነው። ዘመድ ሁሉ ‹እንዳትንቀሳቀስ፣ ስፌቱ ይፈታል› ይላል። ሐኪሞቹ ደግሞ በማግስቱ ነው ያስነሷት። ማንን ልስማ?» — ከደሴ

ሐኪሞቹን። ካንሰር ደምን ያወፍራል፣ የዳሌ ኦፕራሲዮን ይጨምርበታል፣ መተኛቱ ደግሞ ይጨርሰዋል። እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ በደቂቃዎች ሰው ሊገድል ይችላል። በቀን ብዙ ጊዜ አጭር አጭር ትራመድ፤ ክብደት አታንሣ፣ እንስራም ሆነ ጀሪካን አትንካ። ለካንሰር ሆድና ዳሌ ላይ ትልቅ ኦፕራሲዮን ለተደረገላቸው ሆድ ላይ የሚወጋ ደም አቅጣኝ መርፌ እስከ 4 ሳምንት እንዲቀጥል ይመከራል። ታዞላት ከሆነ ቤት ስትገባ «አሁንማ ደህና ነኝ» ብላ እንዳታቋርጥ። ካልታዘዘላት ከመውጣትሽ በፊት ጠይቂ።

አስታማሚ ነኝ ስላልሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2018 በላንሴት የታተመ ጥናት በ25 የአፍሪካ አገሮች ኦፕራሲዮን የተደረጉ 11,422 ሰዎችን ተከትሎ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ገደማ፣ 18 በመቶው፣ ችግር ደረሰበት፤ የበዛውም ኢንፌክሽን ነው። የሞቱት 2.1 በመቶ ናቸው፣ ይህም ከዓለም አማካይ እጥፍ ነው፤ ታማሚዎቹ ግን በዕድሜ ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የሞቱት ደግሞ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በኋላ፣ ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ውስጥ፣ ባሉት ቀናት ነው። ማለትም ችግሩ መጥቶ ሳለ ቶሎ ያየው ሰው አልነበረም። አንዲት ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ አንቺው አይተሻል። አስታማሚ ዓይን ናት።

ኢንፌክሽኑም ዕጣ ፈንታ አይደለም። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የእጅና የቆዳ አጸዳድን፣ የዕቃ መቀቀልን፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መስጠትን የመሳሰሉትን ከባለሙያዎቹ ጋር አጥብቆ ሲሠራ የቁስል ኢንፌክሽን በሲሶ ያህል ቀንሷል። 

ቤት ውስጥ ይህን ተከታተዪ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ ሆድ ተነፍቶ ከማስመለስ ጋር አየርም ሰገራም አለመውጣት፣ ቁስሉ ቀልቶ መግል ማውጣት፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ድንገት ትንፋሽ ማጠር ወይም ደረት መውጋት፣ ከብልት የሚወርድ ብዙ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ። ተኝታ እያለች ልቧ በደቂቃ ከ100 በላይ እየመታ ከቀጠለም ዝም አትበይ፤ ስልክሽን ይዘሽ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ትኩሳት ከመምጣቱ በፊት ልብ የሚናገርበት ጊዜ አለ፣ በተለይ አንጀት ተቀጥሎላት ከነበረ በመጀመሪያው ሳምንት።

ባጭር ባጭሩ

«ከኦፕራሲዮን በፊት ጠበል ብትጠጣስ?» ላላችሁን፦ በጠቅላላው ምግብ ኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል፣ ጠበልም ውኃ ነውና ከዚያው ሂሳብ ይገባል። ሆዷ ውኃ የቋጠረ ወይም አንጀቷ የተዘጋ ከሆነ ግን የማደንዘዣ ሐኪሙ የሚለው ብቻ ይሠራል። ቅጠልና ሥር የተቀላቀለበትን ግን ሳምንታት ቀድማ ታቁም፤ ውስጡ ያለውን ስለማናውቀው ደም ማፍሰሱንም ጉበት መንካቱንም መገመት አይቻልም።

«ባሌ ደሙ ከታማሚዋ ጋር አይገጥምም፣ መለገሱ ምን ዋጋ አለው?» ላሉን እናት፦ ይለግስ። የሰጠው ደም ለሌላ ሰው ይሆናል፣ ለእሷ የሚገጥመውን የደም ባንኩ ይፈልጋል። ዋናው ቀኑ ሳይደርስ ደም መዘጋጀቱን ማረጋገጥ ነው።

ከድሬዳዋ «እናቴ ትቅማለች፣ ለሐኪም መናገር አለብን?» ላልሽን፦ አዎ፣ በግልጽ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ማደንዘዣ የሚሰጣት ሰው መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደቃመች ማወቅ አለበት፤ ማንም አይቆጣትም። የምታጨስም ከሆነ ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ 4 ሳምንት ቀድማ ብታቆም ሳንባዋም ቁስሏም ልዩነቱን ያሳያሉ። ቀጠሮው ከዚያ የቀረበ ነው ብላችሁ ግን ዛሬ ማቆሟን አትከልክሏት።